አንዷን ብቻ ብሎ ምሎልኝ ነበር

ወደ ጥርስ ሐኪም የሄድኩት ለአንድ ጥርስ ነው። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ከኋላ ላለችው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወንድሜ ለሰው ሁሉ ሌላ ታሪክ ስለሚያወራ ነው።

ስሜ የሺመቤት ነው፤ የብቸና ልጅ ነኝ። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው አለብኝ። ሐኪሞች እንደነገሩኝ ይህ የሚጋባ በሽታ አይደለም፤ ሰው በእናቱ ማሕፀን ሲፈጠር ጀምሮ አብሮት የሚመጣ ነገር ነው። ነገር ለመማር ጊዜ ይወስድብኛል። ምላሴም ስለሚከብድ አንዳንድ ሰው ንግግሬን ቶሎ አይሰማውም። ብቸና ውስጥ ግን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ «የዋህ ናት» ነበር የሚሉኝ። የዋህ ጥሩ ቃል ይመስላል። እነሱ ሲሉት ግን «አይገባትም፤ በፊቷ የፈለጋችሁትን አውሩ» ማለታቸው ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የሰው ምሥጢር ሰምቻለሁ።

እኔ እያወራሁ ይህን የምትጽፍልኝ መምህርት ዘይነባ ናት፤ ሞጣ ከአክስቴ ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። ቃሌን ስታሳምርብኝ «ይህን እኔ አላልኩም» እላታለሁ፤ ትሰርዘዋለች። አንዳንዱን ግን ሲያምር እተወዋለሁ።

ሥራዬ ቆሎ ነው። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ገብሱን ፈትጌ፣ አንፍሼ፣ ቆልቼ፣ ሱፍና ሽምብራ ጨምሬበት ብቸና መናኸሪያ በብርጭቆ እሸጥ ነበር። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ያውቁኛል። የገብስ መብሰል በዓይን አይታወቅም፤ ከውጭ ቀልቶ ከውስጥ ጥሬ የሆነ አለ። ከእሳቱ ላይ አንዲት ፍሬ አንስቶ በኋላ ጥርስ መቆርጠም ነው። ቀጭ ካለች በስላለች፤ ከጠነከረች ገና ናት፤ ከመረረች አልፎባታል። እናቴ «ዓይንሽ ይዋሽሻል፣ ጥርስሽ አይዋሽሽም» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ጥርስ ለኔ ለመሳቂያና ለመብያ ብቻ አልነበረም። እንደ አናጢ መዶሻ ነበር።

የሕመሙ መጀመሪያ ደም ነው። ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ቀይ ይቀራል። ጠዋት በመፋቂያ ስፍቅ ምራቄ ይቀላል። አያምምም ነበር። እናቴ አይታ ደነገጠች። በኛ አገር ድድ ሲደማ መነቀስ ያጠነክረዋል ይባላል፤ ደግሞም ለሴት ልጅ ውበት ነው። ነቃሿ ሴት መጣችና እሾሁን ጥላሸት እየነከረች ድዴን ከዳር እስከ ዳር ወጋችው። እናቴ ራሴን በጭኗ ላይ ይዛ «ያምሻል የኔ ዓለም፤ በጣም ያምሻል፤ ግን ያልፋል» ትለኝ ነበር። በጣም አመመኝ። አለፈም። ድዴ እንደ ኑግ ጠቆረ፤ ስስቅ ያምርብኝ ጀመር። ደሙም የቆመ መሰለን።

ሚሌኒየሙ ተከብሮ ጥቂት እንደቆየ እናቴ ሞተች። ከመሞቷ በፊት እጄን ወስዳ በአያ ይበልጣል እጅ ላይ አደረገችና «አደራ» አለችው። አያ ይበልጣል ታላቅ ወንድሜ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። «አደራሽን አልበላም እማየ» አላት። እዚያው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥርሶቼ መነቃነቅ ጀመሩ። ሁሉም አይደሉም፤ ከታች የፊቶቹና ያቺ የግራዋ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ኪኒን ሰጡኝ፤ ኪኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውየ የቫይታሚን እጥረት ነው አለ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ «የጥርስ ትል ነው» ብላ የእንቧይ ፍሬ አጨሰችና አፌን ከፍቼ ጭሱ ላይ እንድደፋ አደረገችኝ። ሳልኩ፣ ዓይኔ አነባ፣ ትል አልወጣም። ጸበልም ጠጣሁ። ጸበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፤ ጥርሴን ግን እንደነበረ ተወው። ከዚህ ሁሉ ሰው ድዴን ደህና አድርጎ ያየ አልነበረም። ቢያዩትስ ጥቁር ነው፤ ማን ከጥቁር ላይ ቀይ ይለያል። ስተኛ ምላሴን በጥርሶቼ ላይ እያስኬድኩ ማን እንዳለ፣ ማን ሊሄድ እንደሆነ እመረምር ነበር። እፈራ ነበር።

በመጨረሻ ያቺ የግራዋ ጉንጬን አሳበጠችው። አያ ይበልጣል ሱቁን ዘግቶ ሌላ ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። የከተማውን ስም አልናገርም። በአውቶቡስ ስንሄድ «ስንቱን ነው የሚነቅሉኝ?» አልኩት።

«አንዷን ብቻ። የምታምሽን።»

«ማልልኝ።»

«እናታችን ባረፈችበት አፈር፤ አንዷን ብቻ።»

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። በመስኮት የጤፉን ማሳ እያየሁ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ደርሰን ተራ ስንጠብቅ ረፈደ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጉንጯን በሻሽ አስራ ታቃስት ነበር። እኔ ነኝ ያጽናናኋት። «አይዞሽ፣ የምታምሽን ብቻ ነው የሚነቅሉ» አልኳት። ሴትየዋ አመሰገነችኝ።

ስንገባ ነጭ ጋወን የለበሰው ሰውየ ወንድሜን «ምን ይላታል?» አለው። «ይቺ ናት» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ወደ ጣቴ አላየም። አፌን ከፍቶ በመብራት አየና ከራሴ በላይ ለወንድሜ ማውራት ጀመረ።

«የታችኞቹ አይቆዩላትም። ዛሬ በአንዴ ቢወጡ ከመመላለስ ትድናላችሁ።»

«ጠንካራ ጠንካራዎቹስ?» አለ አያ ይበልጣል።

«እነሱም ነገ ተነገ ወዲያ ይከተላሉ።»

«እንግዲያ ይውጡላት። እኔም ሱቅ ዘግቸ መመላለሱን አልቻልኩም። እሷ ደሞ ምን ታደርግበታለች፤ ባል አታገባ፣ ሽሮዋን እንደሆነ ያለጥርስም ትበላለች።»

ይህን ሁሉ ሰማሁ። ግን ስለሌላ ሰው የሚያወሩ መሰለኝ። ለኔ ምሎልኛላ።

አያ ይበልጣል እጄን ያዘኝ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ እኔም አጥብቄ ያዝኩት። መርፌው ወጋኝና ከንፈሬ ደነዘዘ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብረት ሳህኑ ላይ ቀጭ ብላ ወደቀች። አለቀ ብዬ ልነሳ ስል እጄ አልላቀቅ አለ። ከዚያ ሌላ ቀጭ። ከዚያ ሌላ። አፌ በሰውየው ጣቶች ተሞልቶ ቃል አልወጣ ቢለኝ የወንድሜን ፊት ለማየት ዓይኔን አዞርኩ። እሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጥርስ ሥዕል ነበር የሚያይ። እጄን የያዘኝ እንዳልነሳ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የሚነቃነቁትም ጠንካሮቹም፣ የታችኞቹ ሁሉ፣ አንድ ላይ ሄዱ።

በአውቶቡስ ስንመለስ አፌ በጥጥ ተሞልቶ ነበር። «ተገላገልሽ» አለኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ጥጡ ባይኖርም አልመልስለትም ነበር።

ቁስሉ ዳነ። አገጬ ወደ ላይ፣ ከንፈሬ ወደ ውስጥ ገባ፤ ምላሴን የሚያግደው ስለሌለ ወደ ውጭ ይወጣ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሰው በእውነት «የዋህ» ያለኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ቆሎው ነበር። ገብሱን ባየው ባየው መብሰሉን አልነግርሽ አለኝ። በላይኛው ጥርሴና በድዴ ልሞክር ብል ድዴን ወጋኝ። አንድ ቀን ጥሬ ሸጥኩ፣ አንድ ቀን አሳረርኩ። ከሾፌሮቹ አንዱ «የሽ፣ ዛሬስ ጠጠር ነው የሰፈርሽልን» ብሎ ቀለደ። እውነቱን ነበር። ጎረቤት ደግሞ «ጥርስ ለሌላት ቆሎ ሰጣት» እያለ ይስቃል። አያ ይበልጣል «ተይው እንግዲህ፣ አርፈሽ ተቀመጭ» አለኝና ብረት ምጣዱን ለሌላ ሰው ሰጠው። ለጠየቀው ሁሉ ደግሞ «ጥርሷማ በበሽታ ረገፈ» ይላል። ስለ እጄ አያወራም፤ ስለ መሐላውም አያወራም።

ተነቃይ ጥርስ አሠርቶልኛል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የኔ ዓይነት ሰው ምላሱ ለአፉ ሰፊ ነው፤ ጥርሱን እየገፋ ያስወጣዋል። በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ እልል ስል ጥርሱ ከአፌ ወጥቶ ሙሽራው ጫማ አጠገብ ወደቀ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ከሞጣ ለሠርጉ የመጡት አክስቴ እትየ ጥሩነሽ ተከትለውኝ ገቡ። የእናቴ ታናሽ ናቸው፤ ሲናገሩ አያለሳልሱም።

«ወንድምሽ ረገፈ ብሎኛል» አሉኝ።

«አልረገፈም እትየ። አስነቀለው። አንዷን ብቻ ብሎ ምሎ፣ እጄን ይዞ አስነቀለው።»

አመኑኝ። አላስደገሙኝም። በማግሥቱ ልብሴን በፌስታል አድርገው ሞጣ ወሰዱኝ።

ያኔ ነው ዘይነባን ያወቅኋት። አዲስ አበባ የሚነግድ ወንድሟ በመንጋጋ አጥንት ላይ ጥርስ የሚተክል ክሊኒክ እንዳለ ነግሯት ነበር። ኢምፕላንት ይሉታል። እትየ ጥሩነሽ ለብዙ ዓመት ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ አስቆረጡ። «ዛፉ ተመልሶ ያቆጠቁጣል» አሉ። ስለ ገንዘቡ ከዚህ ሌላ ነገር ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ በብቸና ያልፋል። መናኸሪያው ሲገባ አያ ይበልጣል አየንና ወደ መስኮቱ መጣ።

«ወዴት ይዘዋት ነው እትየ?»

«ጥርስ ላስተክላት።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ እውነት የሚያስቅ ነገር የሰማ መስሎት ነው። «ለሷ?» አለ። ከዚያ ከሱቁ ሙዝ አምጥቶ በመስኮት ሰጠኝ፤ «ለስላሳ ነው፣ ትችይዋለሽ» አለኝ። እጁን አየሁት። ያው የያዘኝ እጅ ነው። ሙዙን ግን በላሁት፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሙዝ ምን አደረገ።

ደጀን አድረን፣ ዓባይን ወርደን ወጥተን፣ አዲስ አበባ ገባን። የክሊኒኩ ማረፊያ ወንበሩ ለስላሳ ነበር፤ ቴሌቪዥንም አለ። እኔ ግን የበሩን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የአክስቴን ነጠላ እይዝ ነበር። ከውስጥ ብረት ሳህን ላይ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተነስቼ ወጣሁ። እትየ ጥሩነሽ ተከትለውኝ ወጡና በረንዳው ላይ አብረውኝ ቆሙ። «ካልሽ እንመለሳለን» አሉኝ። እንደሚመለሱ ስላወቅሁ ተመልሼ ገባሁ።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። አክስቴን ሰላም ካለች በኋላ ወንበሯን ወደኔ አዞረች። «ምን ልርዳሽ?» አለችኝ። ወደ አክስቴ ዞርኩ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ሆነ ብለው ነው።

«ቆሎዬ መብሰሉን ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሷ ቆሎ እንዴት እንደሚቆላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

ከዚያ እሷ ነገረችኝ። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ድዱ በወጣትነቱ ይታመማል፤ የጥርሱ ሥርም አጭር ስለሆነ ቶሎ ይነቃነቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በሐኪም ቢታይና ቢጸዳ ብዙው ይተርፋል። የኔ ድድ መቅላቱና ማበጡ በንቅሳቱ ሥር ተደብቆ ኖሯል። ይህን ስትል አክስቴ አንገታቸውን ደፉ፤ ስለ እናቴ መሆኑ ነው። እኔ ግን በእናቴ አልተቀየምኩም። እናቴ ተሳሳተች እንጂ አላታለለችኝም። ያምሻል አለችኝ፣ አመመኝ። መሳሳትና መካድ አንድ አይደሉም፤ ይህን ለመለየት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

«ጠንካራ የነበሩትስ ይተርፉ ነበር?» አልኳት።

«ያኔ ስላላየሁሽ ሁሉንም መናገር አልችልም። ጠንካራ ከነበሩ ግን መሞከር ነበረበት» አለች ዶክተሯ።

መጀመሪያ ልቤን አስመረመረችኝ፤ እንደኔ ባለ ሰው ልብ ላይ ከልደት ጀምሮ ችግር ሊኖር ስለሚችል ሳይታይ ቀዶ ጥገና አይሠራም። ልቤ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ በሥዕል አሳየችኝ። ከቲታኒየም የተሠሩ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይተከላሉ። አጥንቱ እስኪይዛቸው ወራት ይጠበቃል። በኋላ ጥርሱ እንደ ጃኬት ቁልፍ እነሱ ላይ ቀጭ ብሎ ይገጠማል፤ ምላስ ቢገፋውም አይወጣም።

«አንቺን በሚመስሉ ሰዎች ላይ አንዳንዴ አጥንቱ ብሎኑን አልይዝም ይላል» አለችኝ። «ላይሳካ ይችላል። ቢሳካም በየቀኑ ካላጸዳሽው ይበላሻል። ይህን እያወቅሽ ትፈልጊያለሽ?»

ከእናቴ በኋላ ክፉውን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው እሷ ናት። «ይሳካል» ብላ ብትምልልኝ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር። «እፈልጋለሁ» አልኳት።

የሥራው ቀን «እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ልትጀምር ስትል እጄን አነሳሁ። ቆመች፤ መሣሪያውን አስቀመጠች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ?»

«ለማየት ነው።»

«እሺ» አለች፤ አልተቆጣችም። ትንሽ ቆይቼ አሁንም አነሳሁ። አሁንም ቆመች። ከዚያ በኋላ አላነሳሁም፤ እጄ የኔ መሆኑን ካወቅሁ በቃኝ። ዕንባዬ ግን ወረደ። ነርሷ ፈርቼ መስሏት ዓይኔን ጠረገችልኝ።

ሁለቱም ብሎኖች በአንዴ አልያዙም። ሞጣ ሆኜ ስጠብቅ በቀኝ ያለው መነቃነቅ ጀመረ። ያንን ስሜት አውቀዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ተመልሰን ሄድን፤ ዶክተሯ አወጣችው፤ ቦታው እስኪድን ተጠበቀና እንደገና ተተከለ። «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አለችኝ። እትየ ጥሩነሽ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ብሩሹን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ሳልቦርሽ ወደ መኝታ አያሳልፉኝም። ዘይነባ ደግሞ የብሩሹን አያያዝ ታሳየኛለች፤ ከድዱ ወደ ጥርሱ፣ ቀስ ብሎ። የላይኞቹ ጥርሶቼም በዚሁ ተረፉ።

ጥርሱ የተገጠመልኝ ዕለት መስታወት ሰጡኝ። ትንሽ አየሁና መለስኩላቸው። እትየ ጥሩነሽ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ጥሬ ገብስና የበሰለ ገብስ አወጡ፤ ሳይነግሩኝ ከሞጣ ይዘው መጥተዋል። ዶክተሯ «በቀስታ፣ አንዲት ፍሬ ብቻ» አለች። ዓይኔን ጨፈንኩና አንዷን ቆረጠምኩ።

«ይቺ ገና ናት» አልኩ። ገና ነበረች።

እንደኔ ያለ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ የዚህ ጽሑፍ ምክር አንድ ነው። ድዱን ገና በልጅነቱ ለሐኪም አሳዩ፤ ንቅሳት መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ ከልጁ ራስ በላይ ሊያናግራችሁ ሲሞክር ደግሞ «እሱን ጠይቀው» በሉት። ቢዘገይም ይመልሳል። የማትፈጽሙትን ግን አትማሉለት። እንደማይገባው አድርጋችሁ አትቁጠሩ፤ ይገባዋል፤ ይቀመጥበታልም።

አሁን ሞጣ መናኸሪያ ቆሎ እሸጣለሁ። አያ ይበልጣል ይህን ሲሰማ በጊዮርጊስ በዓል ማግሥት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእናታችን የንስሓ አባት የነበሩት የኔታ ናቸው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አክስቴ አደረጉ።

«እመይቴ» አሉ የኔታ፣ «ምላስና ጥርስ እንኳ አብረው እየኖሩ ይጋጫሉ። ልጅቱን ይቅር ያስብሉልን።»

«የኔታ» አልኩ እኔ፣ «የኔ ምላስ ከማን ጋር ይጋጭ? ጥርሱን አያ ይበልጣል አስነቅሎታል።»

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። አክስቴም «እሷው ተቀምጣ የለም እንዴ? እሷን ይጠይቁ» አሏቸው።

አያ ይበልጣል ወደኔ ዞረ። «ለክፋት አልነበረም የሽ። እናውጣው ያለ ሐኪሙ ነው። መመላለሱ ደክሞኝ ነበር» አለ።

«እሱን ሰምቻለሁ፤ እዚያው ነበርኩ» አልኩት። «ለምን ማልክልኝ?»

መሬቱን አየ። «ትረሽዋለሽ ብየ ነው» አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እሱ ደግሞ የተወጋውም እንዲረሳለት ነበር የፈለገ። እውነቱን በመናገሩ ግን ይቅር ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀጠለ። «ደሞስ ያኔ ባላስነቅልሽ ይህን የመሰለ ጥርስ መች ታገኚ ነበር» አለ።

እጄን አነሳሁ።

አክስቴ ዝም አሉ። የኔታም አዩኝና ዝም አሉ። ዘይነባ ጓሮ ሆና ዕቃ ታጥብ ነበር፤ ውኃውን ዘጋችው። አያ ይበልጣል ግን ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ ሱቁ መዘጋት፣ ስለሰጠኝ ሙዝ ማውራቱን ቀጠለ። እጄ እስኪዝል ድረስ ወደ ላይ እንዳደረግሁት ቆየሁ።

ያም ሆኖ ወንድሜ ነው፤ ከብቸና ሞጣ ሲመጣ በመናኸሪያው ያልፋል፤ ቆሎ እሰፍርለታለሁ፣ አላስከፍለውም። በደንብ የበሰለውን ነው የምሰጠው። ይቅርታውን ግን፣ እጄን ሳነሳ ዝም ያለ ቀን ይወስዳል።